ከዜሮ በኋላ የወጡት

ኖላዊት ዛሬ የገባችው ተቆጥራ ይሆን ወይስ ሳትቆጠር?

ጠዋት ጠዋት በረንዳዬ ላይ ቆሜ ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው። መልሱን አግኝቼው አላውቅም። ከመንገዱ ማዶ ምሰሶ የሚባለው ሕንፃ ቆሟል። ከፊት በሩ በላይ ሰሌዳ አለ፤ አንድ ሰው ሲገባ አንድ ይጨምራል፣ ሲወጣ አንድ ይቀንሳል። አራት ሺህ ሲሞላ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የመጣ ሰው፣ ቀጠሮ ይኑረው፣ ሚኒስትር ይሁን፣ የሚወጣ ሰው እስኪገኝ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። የከተማው ሰው ድሮ ከቤቱ ሲወጣ ቀና ብሎ ሰማዩን ያይ ነበር፤ አሁን የሚያየው ሰሌዳ ነው።

አራት ሺህ ማለት ሕንፃው በደህና የሚይዘው የመጨረሻው የሰው ልክ ነው ይላሉ። እሳት ቢነሳ ሁሉም በጊዜው ሊወጣ የሚችለው እስከዚያ ድረስ ነው ማለት ነው። ጥሩ፤ ማን ይጠላል። ነገር ግን ምሰሶ ሁለት በር አለው። ከኋላ በፓርኪንጉ በኩል የሚገባውን ሰው የሚቆጥር ሰሌዳ የለም። የልጅ ልጄ ኖላዊት አንዳንድ ቀን፣ የተቆጠረ ባልደረባዋ ሲታመም ወይም ለቅሶ ሲሄድ፣ በእሱ ፋንታ በፊት በር ትገባለች። በሌላው ቀን በኋላ ነው። የኋላው በር ደግሞ ከእኔ በረንዳ አይታይም።

ምን ያሳስብሻል ይሉኛል። እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚፈልጉት ሰሌዳው ያለውን ያህል ሰው ነው። ሰሌዳው ዜሮ ሲል የውሃ ጎማቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። ሳይቆጠር የገባን ሰው ማን ይፈልገዋል? በእነሱ ሂሳብ አልገባም እኮ።

ሳይቆጠሩ የሚገቡትን ትርፍ ይሏቸዋል። አዲስ ነገር የፈጠሩ ይመስላቸዋል። እኛ ወጣት ሳለን በሰማያዊ ሚኒባስ ነበር የምንሄደው። ወንበሩ ሲሞላ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" እያለ ሌላ አራት አምስት ሰው ይጨምር ነበር፤ ትርፍ ማለት እነሱ ነበሩ። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ "ትርፍ፣ ዝቅ በሉ" ይላል። ትርፎቹ በሰው ጉልበት መሃል ዝቅ ይላሉ፣ ፖሊሱም ያላየ መስሎ ያሳልፋል። ያኔ ዝቅ የሚባለው ቢበዛ እስከሚቀጥለው አደባባይ ነው። አሁን ሰው ከጠዋት እስከ ማታ፣ ከምረቃ እስከ ጡረታ ዝቅ ይላል፤ ይህንንም እድገት ይሉታል።

ጎረቤቴ ቢኒያም ያኔ የሚኒባስ ረዳት ነበር። ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎት የሕንፃ ረዳት ሆኗል። ጠዋት ጠዋት በምሰሶ ኋላ በር ቆሞ ትርፎቹን ያስገባል።

"ሰው እንደ ጤፍ ነው፣ ሶስና" ይለኛል። "ሞላ ስትይው፣ ነቅነቅ ብታደርጊው ሌላ ቦታ ያወጣልሻል።"

"አንተ ግን እዚያች ጥበቃ ቤትህ ውስጥ ሌላ ሰው አስገብተህ አታውቅም" እለዋለሁ።

"እኔማ ሽማግሌ ነኝ። ሽማግሌ አይነቀነቅም።"

የኖላዊት ሥራ ልክ ማውጣት ነው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኳት፣ ያስተማርኳት፣ የሂሳብ ጭንቅላቷን ሳይ "ይቺ ልጅ የት ትደርስ ይሆን" ያልኩላት ልጅ ናት። የደረሰችው ከመንገዱ ማዶ ነው። በከተማው ያለ የቢሮ ሕንፃ ሁሉ ስንት ሰው በደህና እንደሚይዝ የሚወስነው መሥሪያ ቤት፣ ልክ ቢሮ የሚባለው፣ ምሰሶ ውስጥ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። እሷ ደግሞ እዚያ ትርፍ ናት። ይህን ስናገር ሰው የምቀልድ ይመስለዋል። ቢሮው ስለሞላ ሰው መጨመር አይችልም፤ ሥራው ስለበዛ ደግሞ ሰው ካልጨመረ አይችልም። ስለዚህ ቀጠራት፣ ግን አልቆጠራትም። ለሌላው ሕንፃ ልክ የምታወጣው ልጅ የራሷ ሕንፃ ልክ ስላለፈ ከጠረጴዛ ሥር ሆና ታሰላለች።

ለትርፍ የሚሆን አለባበስ አለ። ልብሷ የምንጣፉን ቀለም የመሰለ አመድማ ነው። ሽቶ አትቀባም፤ ምሳ ዕቃ አትይዝም፣ ስለሚሸት። ስልኳን ቤት ትታ ትሄዳለች፣ ሕንፃው ስልክም ስለሚቆጥር። ጫማዋ ጨርቅ ነው። ለምረቃዋ የገዛሁላት፣ ስትራመድ የሚያንኳኳው ቀይ ጫማ አልጋ ሥር አቧራ ለብሷል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቢኒያም ደወሉን ሁለት ጊዜ አጭር አድርጎ ይደውላል፤ ትርፎቹ ጠረጴዛ ሥር ይገባሉ። ሲሄድ አንድ ረጅም ይደውላል፤ ይወጣሉ። ተቆጣጣሪዎቹም ከራሱ ከልክ ቢሮ ናቸው። አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ካለው ቢሯቸው፣ ከሃያኛው፣ በሊፍት ይወርዱና በፊት በር ወጥተው፣ ልብሳቸውን አራግፈው፣ እንግዳ መስለው ተመልሰው ይገባሉ። ጠረጴዛ ሥር የምትቀመጥበትን ትራስ ባለፈው ልደቷ የገዛሁላት እኔ ነኝ። ወገቧ እንዳይጎዳ። ሌላው ሰው ለልጁ ወርቅ ይገዛል።

ጠዋት ስሸኛት "ደህና ዋይ" ማለት ትቻለሁ። "ዝቅ በይ" ነው የምላት።

አንድ ማታ እራት ላይ እጇን ከሳህኑ አንስታ ቀረች።

"ምሰሶን ሰጡኝ" አለችኝ።

"ምሰሶን ምን?"

"ልኩን እንደገና እንዳወጣለት። የራሳችንን ሕንፃ። ኢንጂነር ናሆም ሰባት ሺህ እንዲሆንለት ይፈልጋል።"

ኢንጂነር ናሆም አለቃዋ ነው። "አንቺስ ስንት አገኘሽ?" አልኳት።

"ሦስት ሺህ አይሞላም።"

"አሁን ካለውም ያንሳል እኮ።"

"ያንሳል።"

"ደግመሽ አይተሽዋል?"

"እምዬ፣ ሥራዬ እኮ ነው።" ከዚያ ሳቅ አለች። "በመመሪያው ላይ መደበኛ ሰው የሚባል አለ። ደረጃ የሚወርደው እሱ ነው፤ ስሌቱ ሁሉ በእሱ ነው። ቀጭን ነው። ጉልበቱን አያመውም። ዕቃ አይዝም፣ አያረግዝም። ወደ ኋላ ዞሮ አያይም።"

"እናት የለውም?"

"እናቱ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ናት።"

እኔ አልሳቅሁም። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ሰው ብለው አገር የሚለኩበት፤ ማንንም የማይጠብቅ፣ ማንም የማይጠብቀው።

"እኔ ደግሞ ደረጃው ላይ ቆሜ አየሁ" አለች። "ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ 'ይቅደሙ' ይላል። 'ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።' 'በሞቴ።' 'አይደረግም።' ከኋላ መቶ ሰው ቆሟል። መቶውም እነሱ ሳይጨርሱ ማለፍ ነውር ስለሆነበት ይጠብቃል። ሲያልፉ ደግሞ ቀጣዮቹ ሁለት ይጀምራሉ። ይህን ስሌቱ ውስጥ አስገባሁት።"

"ይቅደሙን?"

"ይቅደሙን። እግሯን የሚያማትን፣ ጓደኛውን ለመጥራት የሚመለሰውንም። ሦስት ሺህ የማይሞላው ለዚህ ነው። ኢንጂነሩ ምን አለኝ መሰለሽ? 'በአደጋ ጊዜ ሰው ጨዋ አይሆንም' አለኝ።"

"ራሱን ስለሚያውቅ ነው" አልኳት። "ብዪ፣ ብዪ፤ ቀዘቀዘ።"

እሳቱ የተነሳው ከዚያ ጥቂት ቀናት በኋላ ነው።

ያን ቀን ጠዋት እንደ ወትሮው "ዝቅ በይ" ብዬ ሸኝቼያት በረንዳው ላይ ልብስ አሰጣ ነበር። ደወሉ ሁለት ጊዜ አጭር ደወለ። ተቆጣጣሪ መጣ፣ ወገቧ ተቀጣ አልኩ በልቤ። ቀና ስል በፊት በር ሰው ይጎርፋል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሰው አይወጣም። ከስድስተኛው ፎቅ መስኮት ጭስ ሲወጣ አየሁ፤ ያኔ ነው እጄ ላይ የነበረው ልብስ የወደቀው።

ምሰሶ ያለው አንድ ደወል ነው። የተገዛው ለእሳት ነው፤ ጭስ ሲነካው ራሱ ሁለት አጭር ይደውላል። ግን እሳት መጥቶ ስለማያውቅ፣ የሚመጣው ተቆጣጣሪ ብቻ ስለሆነ፣ እነ ቢኒያም ለዚያ ተጠቀሙበት። ለትርፎቹ ሌላ ደወል እንዳይገዛ ደግሞ ትርፍ አለ ማለት ይሆናል። እናም አሁን ደወሉ ሲደወል የተቆጠሩት ሰዎች ጭሱን አይተው እሳት ነው ብለው ወጡ። ያልተቆጠሩት ተቆጣጣሪ ነው ብለው ዝቅ አሉ።

ጉልበቴ ደረጃ ከጠላ ቆይቷል፤ ያን ቀን ምን እንዳወረደኝ አላውቅም። መንገዱን ተሻግሬ የምሰሶ ደጅ ስደርስ የተቆጠሩት ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ አድርገው፣ በሩ ላይ "ይቅደሙ" እየተባባሉ ይወጣሉ። የሰሌዳው ቁጥር ይወርዳል። ሰው ሁሉ አንጋጦ ያየዋል። መቶ ሆነ፣ ሃያ ሆነ፣ ዜሮ ሆነ። አጨበጨቡ።

የእሳት አደጋው አለቃ ወጣት ነው። መልከ መልካም፣ ትሁት።

"ልጄ" አልኩት፣ "ውስጥ ሰው አለ።"

"ዜሮ ነው፣ እማማ።"

"የልጅ ልጄ አለች።"

"ተቆጥራ ነው የገባችው?"

አልተቆጠረችም ብል ወንጀለኛ ላደርጋት ነው። ተቆጥራለች ብል ሰሌዳው ዋሸ ማለቴ ነው፤ በዚህ ከተማ ደግሞ ሰው ይዋሻል እንጂ ሰሌዳ አይዋሽም።

"አላውቅም" አልኩት። እውነቴን ነበር።

"እንግዲያው ካልተቆጠረች አልገባችም፤ ከተቆጠረች ወጥታለች" አለኝ፤ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ጎንበስ ብሎ። "ቤትዎ ሄደው ይጠብቋት። እኛ አሁን በሮቹን ዘግተን አየሩን እናወጣዋለን። እሳቱ ትንፋሽ ሲያጣ ራሱ ይጠፋል። ውሃ ዕቃ ያበላሻል።"

"አየሩን?"

"ሰው ስለሌለ ነው፣ እማማ። ሰው ቢኖር እንዲህ አናደርግም።"

ሠራተኞቹ የፊት በሩን መዝጋት ጀመሩ። እኔ ሕንፃውን ዞሬ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሮጥኩ ብል ውሸት ነው፤ እንደ መሮጥ ያለ ነገር ነበር።

ቢኒያም ጥበቃ ቤቷ ውስጥ ተቀምጧል። ፊቱ እንደ ትርፍ ልብስ አመድ መስሏል።

"ቢኒያም፣ ልጆቹ ውስጥ ናቸው።"

"የምን ልጆች?"

"ጠዋት ያስገባሃቸው።"

"ሶስና፣ እኔ መኪና ነው የማቆመው።"

"አየሩን ሊያወጡት ነው።"

ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ። "ካወራሁ እኔ ነኝ የምታሰረው" አለ ቀስ ብሎ። "ስንት ናቸው ቢሉኝ ምን እላለሁ? እኔ 'ሞላ' እላለሁ እንጂ ቆጥሬ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ እስር ቤት አልሞትም።"

"የኔዋ በሃያ ስድስት ዓመቷ ጠረጴዛ ሥር ትሙት?"

የደወሉ ቁልፍ ከጀርባው ግድግዳ ላይ ነው። "ጠጋ በል" አልኩት። ይህን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ለሌላው ሲለው ነው የኖረው፤ ለእሱ ያለው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። ጠጋ አለ። አንድ እግሬን አስገብቼ፣ በትከሻው ላይ ተንጠራርቼ ቁልፉን ተጫንኩት። አንድ ረጅም። ጣቴ እስኪነጣ ድረስ ረጅም። ተቆጣጣሪው ሄዷል ማለት ነው።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ በሩ ተከፈተና አመድማ የለበሱ ሰዎች ወገባቸውን እያፍታቱ መውጣት ጀመሩ። አንዱ ትራሱን ብብቱ ሥር ይዟል። አንዷ እርሳሷን ፀጉሯ ውስጥ እንደሰካች ነው።

"ሄደ እንዴ?" አለኝ የመጀመሪያው።

"ሄዷል" አልኩት። "ፈጠን በል፣ ልጄ።"

"የዛሬው ሲጋራ ያጨሳል እንዴ? ሽታው አሥራ ዘጠነኛ ድረስ መጣ እኮ።"

"ደግሞ ቆየ" አለች ሌላዋ እያሳለች። "እግሬ ሞተ።"

ይወጣሉ፣ ይወጣሉ፣ አያልቁም። እንደዚያ ያለ ሕዝብ ጠረጴዛ ሥር እንዳለ አላውቅም ነበር። ኖላዊት ከኋለኞቹ መሃል መጣች፤ አንዲት እግሯን የሚያማት ልጅ ደግፋ፣ ትራሷን ይዛ። መደበኛ ሰው ብትሆን ቀድማ ትወጣ ነበር።

"እምዬ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ሹራብሽ የት አለ?" አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ይሄኔ ወጣቱ አለቃ ማዕዘኑን ዞሮ ብቅ አለ። ከዚያ ማዕዘን የፊት ሰሌዳው ይታያል። ሰሌዳውን አየ፤ ዜሮ ነው። ሰዎቹን አየ፤ ይወጣሉ። ከሁለቱ አንዱን ማመን ነበረበት። ዞሮ ሄደ።

ትንሽ ቆይተው የኋላውንም በር ዘጉና አየሩን አወጡት። እሳቱ ጠፋ። በማግስቱ የየቢሮው አበባ ሁሉ ከነማሰሮው ደጅ ተከመረ፤ ቅጠሉ እንደ ደረቀ ወረቀት ሲነካ ይሰበራል። ትርፎቹ ሁሉም ወጥተዋል ይላሉ። ማን ቆጥሮ?

ዜናው ግን ሌላ ነበር። ምሰሶ በከተማው ታሪክ በአጭር ጊዜ ሰው የወጣበት ሕንፃ ነው ተባለ። የወጡት ሰዎች በሩ ላይ ሲገባበዙ በቴሌቪዥን ታዩ፤ ጋዜጠኛው የባህላችን ውበት ነው አለ።

በሳምንቱ፣ ኖላዊት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ኢንጂነር ናሆም ቤታችን መጣ። ሙዝና ብርቱካን ይዟል። እንግዳ ነውና አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ ሆዴ እምቢ አለኝ። ሻይ አቀረብኩለት።

"እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ" አላት ኖላዊትን። ከዚያ እንደማስታወስ ብሎ "ያው፣ እዚያ ባትኖሪም" ሲል ጨመረ።

"ባልኖርም" አለች።

"እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት ልልዎ ነው የመጣሁት። ያ አደጋ በረከት ሆነልን። ደረጃው ያን ሁሉ ሰው በዚያ ፍጥነት ካወጣ፣ ገና ብዙ ይችላል ማለት ነው። ሰባት ሺህ ብንለው ማንም አይከራከረንም። ያን ጊዜ ትርፍ የሚባል ነገር ይቀራል። ሁሉም ይቆጠራል፣ ሁሉም በፊት በር ይገባል። ኖላዊትም ወንበር ታገኛለች።"

"ትቆጠራለች?" አልኩት።

"ልኩን ባጸደቀች ቀን። የአውጪዋ ስም ካልገባበት አይጸናም። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ከበላይ አካል ተቆጣጣሪ ይመጣል። እሱ ሲመጣ ለመጨረሻ ጊዜ ዝቅ ትላለች፤ እሱ ሲሄድ ታጸድቃለች። አለቀ።"

በዚህች ደቂቃ ኢንጂነሩን ወደድኩት ብል አያሳፍረኝም። ያን ሁሉ ጠዋት በረንዳ ላይ ቆሜ የለመንኩት ይህንኑ ነበር። ሰሌዳው ላይ ልትገባ ነው። እሳት ቢነሳ ሊፈልጓት ነው።

"አጽድቂው፣ ልጄ" አልኳት።

ኖላዊት አመድማ ልብሷን ለብሳ፣ ትራሷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። "እምዬ፣ ያን ቀን የተቆጠሩት ለምን ቶሎ ወጡ መሰለሽ?"

"ደረጃው ጥሩ ስለሆነ ነው ይላል እኮ ጌታው።"

"እኛ ደረጃው ላይ ስላልነበርን ነው። ጠረጴዛ ሥር ነበርን። ሰባት ሺህ ሲሆን ሁላችንም ደረጃው ላይ ነን። ያኔ እንዳልሽው ይፈልጉናል። ያገኙናልም፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበን።"

"ግምት ነው" አለ ኢንጂነሩ ሻዩን እያማሰለ። "ደግሞ ይቅደሙን እናስቀራለን። ለሠራተኛው ስልጠና አዘጋጅተናል። ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ አሠልጣኙ ከውጭ ይመጣል።"

"የምን ስልጠና?" አልኩ።

"ሰው ገፍቶ ማለፍ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን አፌ አይመለስም ነበር። ያን ቀን ግን ፍርሃቴ ከንቀቴ በለጠ። ወደ ኖላዊት ዞርኩ።

"ስሚኝ። እኔ ሁልጊዜ ደወሉ ጋ አልገኝም። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ። ነገ ብሞት ረጅሙን ማን ይደውልልሻል? ቢኒያም ነው? አንቺ ስለ ሰባት ሺህ ሰው ታስቢያለሽ። እኔ ያለኝ አንድ ነው። አጽድቂውና ይቁጠሩሽ።"

"ያቺ እግሯን የሚያማት ልጅስ?" አለችኝ።

"እሷ የራሷ አያት ይኖራታል።"

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ኖላዊት ረጅም ጊዜ አየችኝ። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ተነስታ ትራሷን ወንበሩ ላይ፣ ኢንጂነሩ አጠገብ አስቀመጠችና ጓዳ ገባች።

"ብልህ ልጅ ናት" አለ ኢንጂነሩ። "ታስብበታለች።"

ሻዩን ፉት አለ። እኔ የብርቱካኑን ከረጢት ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ። ከጓዳ የአልጋ ድምፅ ተሰማ፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አንድ ነገር ሲስብ እንደሚሰማው። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፤ በዚህ ቤት ከምረቃዋ ቀን ወዲህ ያልተሰማ። ቀይ ጫማዋ ወለሉን ያንኳኳል።

ስትወጣ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳለች። ከፀጉሯ የሽቶ ሽታ መጣ። ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ እጇ ውስጥ ያዘችው።

ኢንጂነሩ ሻዩን አስቀመጠ። "ኖላዊት፣ ይህን ለብሰሽ? አራት ሰዓት ላይ እኮ ተቆጣጣሪው ያይሻል..."

እሷ ወደ በሩ ሄደች። እሱ ዘሎ ተነስቶ ቀደማትና በሩ ፊት ቆመ። የሚያግዳት መስሎኝ ነበር፤ ለእሱም እንደዚያ የመሰለው ይመስለኛል። ፊት ለፊት ተያዩ። ከዚያ እናቱ በልጅነቱ ያስተማረችው ነገር ከመመሪያው ቀድሞ መጣበትና ጠጋ ብሎ በሩን ከፈተላት።

"ቅደሚ" አላት።

ወጉ "ኧረ አንተ ቅደም" ማለት ነበር። እኔም እንደ ወትሮው "ዝቅ በይ" ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት። ኖላዊት እኔንም እሱንም አላየችም። ቀድማው ወጣች፤ የጫማዋ ኳኳታ ከደረጃ ደረጃ እየወረደ ሄደ።